የማይናድ ርስት

መስከረም 1998 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሲና አጠገብ፣ ይዛባ በሚባለው አካባቢ ተራራው ተናደ። ቤቱም ማሳውም አብሮ ሄደ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ድርቅ ያባረረው ገበሬ ዝናብ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። ናዳ ግን መመለሻውን ነው የሚወስደው።

በዚያው ዓመት፣ ከዚያ ሽቅብ መንዝ ጓሳ ላይ፣ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጭላዳን ከቅርብ መከታተል ጀመሩ። ከአካባቢው ሰውም ረዳት ሆኖ የተቀጠረ አለ። ገደሉን የለመደ እግር፣ ጥቂት እንግሊዝኛ ሲታከልበት፣ ደመወዝ አስገኘ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል። መሬቱ ለከዳው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጅ እንግሊዝኛ ጌጥ አይደለም፤ በተናደው ርስት ምትክ የሚያዝ ርስት ነው። እኛ ግን እያወረስነው አይደለም።

ርስት ያልኩት ለቃል ማሳመሪያ አይደለም። የመንዝ ሰው ድሮ በአባቱም በእናቱም ሐረግ ቆጥሮ መሬት ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ሐረግ መቁጠር ማሳ አያስገኝም። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ ተስፋው የወላጆቹን ቁራሽ ከወንድም ከእኅቱ ጋር መካፈል ነው። ያችም ቁራሽ አታስተማምንም፤ በልግ ሲቀር ገብሱ ይቀራል፣ ዝናቡ ሲበጅ ውርጭ ይመታዋል። በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የመንዝና ግሼ አውራጃ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ሴፍቲ ኔት የተባለው የእርዳታ መርሐ ግብር የዓመቱን ጉሮሮ ይደፍናል፤ ለልጅ የሚተርፍ መተዳደሪያ ግን አይሰጥም።

ታዲያ ሌላው እንጀራ በየት በኩል ነው? በትምህርት ቤት በኩል ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ ቆሟል። ከ9ኛ ክፍል ወዲያ መማሪያው እሱ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም የሚቀርበው በእሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው አልልም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍና የርቀት ችግርም አለበት። ቢሆንም ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ዕውቀቱ ገና አልተፈተነም።

ናዳ ያየች አንዲት ልጅ እናስብ። መሬቱ አስቀድሞ እንደሚሰነጠቅ፣ ምንጩ እንደሚደፈርስ፣ ዛፉ እንደሚያዘም ከአባቷ ሰምታለች፤ በዓይኗም አይታለች። የጂኦግራፊ ወረቀቱ ላይ «ላንድስላይድ» የሚል ቃል ይመጣል። ቤቷን የወሰደባት ነገር መሆኑን ሳታውቅ በግምት አንዱን ፊደል ታከብባለች። ከእሷ የበለጠ መልሱን የሚያውቅ በክፍሉ ውስጥ የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ማንም በቤቱ የማይነጋገርበትን ቋንቋ ማስተማር ለዚህ አገር እንግዳ ሆኖ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ግእዝ ተምሯል። ፊደሉን ቆጥሮ፣ ዳዊቱን ደግሞ፣ ቅኔ እስከ መዝረፍ ደርሷል። ምስጢሩ ድምፅ ነበር፤ ሁሉም ጮክ ብሎ ያነባል፣ ቀደም ያለው ለተከታዩ ያስቀጽላል፣ የተሳሳተው እዚያው ይታረማል። በዘመናዊው ክፍል ግን መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ «የተማረ» ልጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሳያወጣ ያልፋል።

አገር በገዛ ቋንቋው ይማር የሚሉ ወገኖች ክርክር ሚዛን ይደፋል፤ ፈተናው ነገ በአማርኛ ቢሆን አልቃወምም። ነገር ግን ዘንድሮ ለፈተና የምትቀመጠው ልጅ ክርክሩ እስኪቋጭ አትጠብቅም። አማርኛውን አጥርቶ የማያነብ ልጅ እንግሊዝኛውንም እንደማያነብ እየታወቀ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የፈረንጅ ቃል መጋትም መፍትሔ አይሆንም።

እንግሊዝኛ ልጁን ከአገሩ ይነቅለዋል የሚል ስጋትም አለ። መልሱ እዚያው ጓሳ ላይ ይገኛል። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ይህን ሣር የመንዝ ሰው ለዘመናት ቀሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ሳይታጨድ ይቆይ ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገበያ ይደርስ ነበር። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት እንግዳ ይመጣል። የቀሮን ሕግ ለዚያ እንግዳ አጣርቶ የሚያስረዳ አስጎብኚ ቀሮ ከሚያውቅ ቤት የወጣ ሊሆን ይገባል። እንዲህ ያለውን ልጅ ቋንቋው አይነቅለውም፤ አባቶቹ ያቆዩለትን ሣር ዳግም የእንጀራ ምንጭ ያደርግለታል።

አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ይህኛው ናዳ ሰው ሠራሽ ነው፤ የሚወስደው ግን ያንኑ መመለሻ ነው።

አደጋ በደረሰ ቁጥር ስንዴ፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስና ዘር እንቆጥራለን። መቆጠሩ ተገቢ ነው። ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ መስመር ይጨመር፤ ተፈናቃዩ በሰፈረበት ሁሉ እንግሊዝኛን በድምፅ የሚያስቀጽል አንድ መምህር። ስንዴው ለክረምቱ ነው። መምህሩ ያስያዘውን ተራራ ቢናድ አይወስደውም።