ስንገዛ «ይጠገናል ወይ?» ብለን እንጠይቅ



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ በየዶርሙ የሚሰማ አንድ ሮሮ አለ፤ «የላፕቶፔ ቁልፍ አልሠራ አለኝ» የሚል። ብዙዎቻችን የምንይዘው ሌላ ሰው ሲገለገልበት የቆየ ላፕቶፕ ነው። በእሱ ላይ በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ጫናው ይጨምራል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ብቻ ቢሆንም፣ በእንግሊዝኛ ቁልፎች ድምፁን ተከትለን ስንጽፈው አምስት ጊዜ መንካት አለብን። አናባቢ የምናወጣባቸው ቁልፎች ፋታ የላቸውም።

አንድ ቁልፍ ሲበላሽ መፍትሔው ቀላል አይደለም። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ፣ ለአንድ ቁልፍ ሲባል ሙሉው ይቀየራል። ላፕቶፑም ጥገና ቤት ሲያድር ጽሑፋችን ይቆማል። ስለዚህ ብዙ የሚጽፍ ተማሪ በቦርሳ የሚያዝ ሜካኒካል ኪቦርድ ቢኖረው ይጠቀማል እንላለን። አቧራውንና ድካሙን፣ አንዳንዴም የሚደፋውን ሻይ፣ ከላፕቶፑ ይልቅ እሱ ይቀበላል። ስንመርጥ ግን «ጠንካራ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ሲበላሽ ይጠገናል?» ብለን እንጠይቅ።

ልዩነቱ ከቁልፉ ሥር ነው። በተራው ኪቦርድ ሁሉም ቁልፎች የሚያርፉት በጋራ የጎማና የፕላስቲክ ንጣፍ ላይ ነው። በሜካኒካሉ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግ ያለው ስዊች አለው። አምራቾች ለአንድ ስዊች ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሚሊዮን ንክኪ ዕድሜ ይሰጡታል። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከመቶ ሚሊዮኑ በፊት አንዱ ስዊች ቢበላሽስ? በብየዳ የተያያዘ ከሆነ ባለሙያ ያስፈልገናል። «ሆት ስዋፕ» የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን በትንሽ መንቀያ አውጥተን አዲሱን ራሳችን እንተካለን። ለእኛ ዘላቂነት ማለት ይኸው ነው።

ገመዱም እንዲሁ ነው። በቦርሳ በሚመላለስ ዕቃ ላይ ቶሎ የሚጎዳው ኬብሉ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ ተነቅሎ የሚወጣ ባለ ዩኤስቢ ሲ ኬብል ያለውን እንምረጥ፤ ሲበጠስ ኬብሉን ብቻ እንገዛለን። ገመድ አልባ ከፈለግንም በኬብልም የሚሠራ ይሁን። ባትሪ መድከሙ አይቀርም፤ ባትሪው ሲደክም ኪቦርዱ አብሮ መጣል የለበትም።

መጠኑ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «60 በመቶ» የሚባለው 61 ያህል ቁልፎች ብቻ ስላሉት ለቦርሳ ይመቻል፤ ነገር ግን የራሳቸው ቦታ ያላቸው የቀስት ቁልፎች የሉትም። ረጅም ጽሑፍ ለሚያርም ሰው ይህ ያደክማል። 84 ያህል ቁልፎች ያሉት «75 በመቶ» ለብዙዎቻችን የተሻለ ነው። የአካውንቲንግ ተማሪዎች ግን በቀኝ በኩል ያሉትን የቁጥር ቁልፎች ሊናፍቁ ይችላሉ። የብረት አካል ያለው ያምራል፤ ክብደቱ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። በየቀኑ ከዶርም ላይብረሪ ለሚመላለስ ጥሩ ፕላስቲክ ይበቃል። በጣም ቀጭኖቹም ለመያዝ ይቀላሉ፤ ሆኖም የተለመዱት ስዊቾች ስለማይገጥሙባቸው መለዋወጫ ማግኘት ይከብዳል።

ድምፁንም አንርሳ። «ብሉ» የሚባሉት ስዊቾች በእያንዳንዱ ንክኪ ጠቅ ይላሉ። ለሱብሒ ሊነሳ የተኛ የዶርም ጓደኛ ሐቅ አለው፤ ላይብረሪ ውስጥ አጠገባችን የሚያነብም እንዲሁ። «ሬድ» ወይም «ብራውን» ይሻላል፤ ሆን ተብለው ድምፃቸው የተቀነሰ ስዊቾችም አሉ።

ገበያ ላይ «ጌሚንግ» ተብለው በቀለማት የሚያበሩ፣ ውስጣቸው ግን ጎማ የሆኑ ኪቦርዶች ሞልተዋል። ከመክፈላችን በፊት ሻጩን አስፈቅደን አንዱን ቁልፍ ከላይ እንንቀል። ሜካኒካል ከሆነ ከሥሩ ለብቻው የቆመ ስዊች፣ በአብዛኛውም የመስቀለኛ ቅርጽ ያለው ጫፍ እናያለን። ከዚያ ሁሉንም ቁልፎች አንድ በአንድ እንሞክር። ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ ስናዝም «ጥሩ ኪቦርድ» ብለን አንላክ፤ «ሆት ስዋፕ፣ 75 በመቶ፣ ኬብሉ የሚነቀል» ብለን በግልጽ እንጻፍ፤ አራት አምስት ትርፍ ስዊቾችንም እንጨምርበት።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ኪቦርድ? ዋጋውስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ በሴሚስተር ሁለት አሳይመንት ብቻ ለሚጽፍ ርካሹ ይበቃዋል፤ መበደርም አያስፈልገውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያሉ የአንድ ዶርም ልጆች ግን ተዋጥተው አንድ ቢገዙና በተራ ቢጠቀሙበት ሸክሙ ይቀላል። ሲመረቁም ከትርፍ ስዊቾቹ ጋር ለተከታዮቻቸው ያስረክቡት። ተጠግኖ የሚሠራ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ መሄድ ይችላል፤ የማይጠገነው ግን ከመጀመሪያው ባለቤቱ አያልፍም።

አላህ ጽሑፋችሁን በሰላም ለማስረከብ ያብቃችሁ። ወሰላሙ ዓለይኩም።