የተዘረፈውን የሚያስመልስ ጨዋታ ስንጠብቅ

በ2017 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ ከተማ የተቋቋመው ኒያማኮፕ የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች ድርጅት «ሪሉትድ» ብሎ የሰየመውን አዲስ ጨዋታ እያዘጋጀ መሆኑን በይፋ ባስታወቀ ጊዜ፣ ወሬው በብዙዎች ዘንድ እንደ ማንኛውም የወጣቶች መዝናኛ ዜና ተሰምቶ የታለፈ ቢሆንም ቅሉ፣ ከሰሜን ወሎ፣ ከሐራ ሆኖ ለሚሰማው ሰው ግን ልብን ይዞ የሚያቆም ነገር ነበረበት። የጨዋታው ታሪክ ከአፍሪካ ምድር ተዘርፈው በባሕር ማዶ ቤተ መዘክሮች የተቀመጡትን ቅርሶች ከያሉበት አውጥቶ ወደየአገራቸው ስለ መመለስ ነው፤ ከእኛ በስተ ምዕራብ፣ ከወልድያ የድልብን አቀበት ወጥቶ፣ ጋሸናን አልፎ ወደ ደላንታ የሚዘልቅ መንገደኛ የሚረግጠው ሜዳ ደግሞ የመቅደላ ምርኮ በጨረታ የተሸጠበት ሜዳ ነው።

ስለ ጨዋታው አስቀድሞ የተነገረው ይህን ይመስላል። ዘመኑ ገና የሚመጣ ዘመን ነው፤ በቤተ መዘክር ለሕዝብ የሚታየው የአፍሪካ ቅርስ ሁሉ ለባለቤቱ እንዲመለስ በውል በተወሰነ ጊዜ፣ ቤተ መዘክሮቹ ከውሉ ለማምለጥ ሲሉ ቅርሱን ከመታያው ስፍራ እያነሡ በስውር ግምጃ ቤት ይሸሽጉታል፤ ኖማሊ የተባለች ወጣትም ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ ባልንጀሮቿን ይዛ እየገባች ታስመልሰዋለች። ደም አይፈስበትም። ተጫዋቹ አስቀድሞ በጸጥታ ወደ ሕንፃው ይገባል፤ የትኛው በር በምን እንደሚከፈት፣ የትኛው ባልንጀራ በየትኛው መስኮት ሥር ሊቆም እንደሚገባው፣ የመውጫውም መንገድ በየት በኩል እንደሚቀጥል እያሰላ ሁሉን ያሰናዳል፤ እጁ ቅርሱን ባነሣ ጊዜ ግን ደወሉ ይጮኻል፣ በሮቹም መዘጋት ይጀምራሉ፣ ያን ጊዜ የሐሳቡ ጥራትና ጉድለት በሩጫው ይፈተናል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ግን በጨዋታው የሚፈለጉት 70 ቅርሶች ከሠሪዎቹ ልብ የፈለቁ ሳይሆኑ በእውነት በዓለም ላይ ያሉ መሆናቸው ነው።

ኒያማኮፕ እንዲህ ያለውን እንግዳ ሐሳብ ከፍጻሜ ማድረስ እንደሚችል አስመስክሯል። በ2010 ዓ.ም. ያወጣው «ሴምብላንስ» የተባለው ጨዋታ፣ ምድሪቱ እንደ ሊጥ የምትለሰልስበት፣ ተጫዋቹም መተላለፊያ ባጣ ጊዜ መሬቱን ራሱን እየገፋና እየደፈጠጠ መንገድ የሚያበጅበት ነበር፤ በኒንቴንዶ የጨዋታ መሣሪያ ላይ ለመውጣትም ከአፍሪካ ሠሪዎች የፈለቀ የመጀመሪያው ጨዋታ ሆኗል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2002 ዓ.ም. የቼክ አገር ጥበበኞች ያወጡት «ማኪናሪየም»፣ አንድ ትንሽ ሮቦት በዛገች ከተማ ውስጥ ሲንከራተት የሚያሳየው፣ ገጸ ባሕርያቱ በቃል ሳይሆን በሥዕል ስለሚነጋገሩበት እንግሊዝኛ የማያውቅ ልጅ እንኳ ሊጫወተው ይቻለዋል። ይህ የጨዋታ ወገን ለተጫዋቹ ሰይፍ አይሰጠውም፤ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ተጫዋቹም ጣቱ ስለ ፈጠነ ሳይሆን ነገሩን ስላስተዋለ ያልፋል። በሐራም ሆነ በመርሳ ወይም በወልድያ ልጆቻችን ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀምጠው ኳስ ሲጫወቱ፣ በእጅ ስልካቸውም ሲታኮሱ አያለሁ እንጂ እንቆቅልሽ ሲፈቱ እምብዛም አላየሁም። ኳሱን አልነቅፍም፤ ተኩሱ ግን፣ እውነተኛውን ተኩስ በጆሯቸው ሰምተው ላደጉ የዚህ አገር ልጆች የዕረፍት ሰዓት መሙያ መሆኑ ያሳዝነኛል።

እንቆቅልሽ ደግሞ ለእኛ ከሩቅ የመጣ ነገር አይደለም። ምሽት ላይ በእሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የመለሰ ልጅ ፍቺው በጠፋው ጊዜ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ወልድያን ወይም ደሴን ወይም ጎንደርን ሰጥቶ መልሱን ይቀበላል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ላይ ነግሦ፣ የሚያገኘውን ጠጅና ጮማ እየቆጠረ፣ በተሸናፊው እያላገጠ ይስቃል። አባቶቻችን ለልጅ ጨዋታ ይህን ቅጣት ሲመርጡለት አለማወቅ ምን እንደሚያስከፍል አሳምረው ያወቁ ይመስለኛል። ንግሥተ ሳባም ወደ ኢየሩሳሌም በወጣች ጊዜ የሰሎሞንን ጥበብ የፈተነችው በእንቆቅልሽ መሆኑን መጽሐፍ ይነግረናል። ወደ ቤተ ክህነቱ ጉባኤ የተመለከትን እንደ ሆነ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራው የዋድላ የቅኔ ቤት በዚሁ በሰሜን ወሎ ነው፤ በዚያ ያደገ ተማሪ በሁለት ቤት ብቻ የምትፈጸመውን ጉባኤ ቃና ሰምቶ፣ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት በሐሳብ ሲወጣና ሲወርድ ያድራል፤ መምህሩም ፍቺውን ፈጥኖ ቢነግረው ትምህርቱን እንደ ሰረቀበት ስለሚቆጥረው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። በሐብሩ ወረዳ በዳና ደጅ የኖረው የመንዙማ ጥበብም ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ ቃልን የሚያውቅ ጥበብ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ የወረሰ ሕዝብ፣ የእንቆቅልሽ ጨዋታ በዓለም ገበያ ሲከበር ተመልካች ብቻ ሆኖ ቢቀር ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ይመዝነው።

የመቅደላው ነገር ራሱ፣ ማንም ሠሪ ሳይጨምርበት፣ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ካረፉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ሠራዊት አምባውን ገብቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቡትን የብራና መጽሐፍ፣ ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ ንዋየ ቅድሳቱን ሁሉ ዘረፈ፤ ምርኮውም በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ ደላንታ ደረሰ፣ በዚያም ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ለመሥሪያ ቤቱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ። ከንጉሡ መኝታ በላይ ተሰቅሎ የተገኘውን፣ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ግን ለራሱ አስቀረው። አፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥቱና ሥዕሉ እንዲመለሱላቸው በለመኑ ጊዜ መጽሐፉ ተመለሰላቸው፤ ስለ ሥዕሉ አልተገኘም የሚል መልስ መጣ፤ ሥዕሉ በዚያ ጊዜ በሆልምስ ቤት ነበረ፣ ቆይቶም በጨረታ እየተሸጠ በፖርቱጋል አገር በግል ሰው እጅ ገባ። አንድ ሰው ሌላው ሁሉ እየፈለገው ዕቃውን በቤቱ ግድግዳ ሰቅሎ ሲኖር፣ ፈላጊው ከየትኛው ፍንጭ ተነሥቶ ሊደርስበት ይችል ነበር? ለጨዋታ ሠሪ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ማን ሊፈጥርለት ይችላል?

ይህን ስል የሚቃወመኝ ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቁልፍ መስበርን፣ በሌሊት ወደ ሰው ሕንፃ መግባትን ለልጅ ማስተማር ተገቢ ነውን ይለኛል። ተቃውሞውን አልንቀውም። ሪሉትድ የተሰረቀን ለማስመለስ የሚደረግ ሩጫን ታሪኩ አድርጓል፣ መብቱም ነው፤ የእኛ ቅርስ እስከ ዛሬ የተመለሰበት መንገድ ግን ሌላ ነበር፤ በደብዳቤ፣ በልመና፣ በሊቃውንት ምርምር፣ ከጨረታ ገዝቶ በመስጠት፣ እውነቱን ባወቀ የአንድ ሰው ኅሊና የተመለሰ ነው። በ1994 ዓ.ም. ከኤዲንብራ የተመለሰው ታቦት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ፣ ካህናቱ ምንነቱን ባወቁ ጊዜ በገዛ ፈቃዳቸው የመለሱት ነበር። ስለዚህ የመቅደላ ጨዋታ ቢሠራ ተጫዋቹ በር ሰባሪ መሆን የለበትም። በብራናው ጠርዝ ላይ የተጻፈውን የባለቤቱን ደብር ስም ማንበብ፣ የጨረታውን መዝገብ ከአሮጌ ፎቶግራፍ ጋር ማስተያየት፣ ለማን ምን ብሎ መጻፍ እንደሚገባ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ ከሩጫው የማያንስ ፈተና ነው።

ስለ ታቦት ግን ከሁሉ አብልጬ የምናገረው አለኝ። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፣ የሚበዙትም የመቅደላ ናቸው፤ ማንም እንዳያያቸው በተለየ ክፍል ተዘግቶባቸዋል፣ የቤተ መዘክሩ ሊቃውንት ራሳቸው እንኳ ገብተው አይመረምሯቸውም። ከካህን በቀር ሊያየው የማይገባውን ነገር በመስታወት ላይ ሥሎ፣ አዙሮ፣ አጉልቶ ለማንም ዓይን ማቅረብ፣ በዓላማው መልካም ለሆነ ጨዋታ እንኳ ሊፈቀድለት አይገባም። ቪዲዮ ጨዋታ ሁሉን ነገር ማሳየት የለመደ ጥበብ ስለ ሆነ፣ አለማሳየትን ሲማር ምን ያህል እንደሚልቅ ገና አልተመረመረም። ተጫዋቹ ብዙ ደክሞ ከተዘጋው ክፍል ደጃፍ በደረሰ ጊዜ መክፈቻውን ይዞ ሳለ አለመክፈቱ መልሱ ይሁን፤ ሥራውም ካህናቱን መጥራት፣ መጎናጸፊያውን፣ ጃንጥላውን፣ ቃጭሉን ማሰናዳት፣ መንገዱንም ማስጠረግ ይሁን። እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ በየትኛውም አገር ጨዋታ አላየሁም፤ ሊፈጥረው የሚችለውም ሥርዓቱን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሠሪዎቹ ደግሞ አሉን። በአዲስ አበባ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ፣ በ«ኩኩሉ» ከባለቤቷ የምትሸሽ ዶሮን በመንደር ጎዳና አሩጦ፣ የጥንቱን ገበጣም ወደ እጅ ስልክ አምጥቶ፣ የአገራችን ልጅ የገዛ አገሩን በመስታወቱ ላይ ሲያይ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አሳይቷል፤ በ2014 ዓ.ም.ም የአፍሪካ ጨዋታ ሠሪዎች በአንድነት ሲሰባሰቡ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኗል። ሪሉትድ የተሠራው ለኮምፒዩተርና ለኤክስቦክስ ነው፤ ሁለቱም በሐራ ልጆች ቤት በብዛት የሚገኙ አይደሉም፤ ስለዚህ እዚህ ያለው ወጣት ምኞቱን በሌላ ሰው ሲጫወት በማየት ሊወጣ ይገደዳል። የእኛው ጨዋታ ለእጅ ስልክ የሚሆን፣ መጠኑ ትንሽ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀን የሚሠራ፣ በአማርኛ የሚናገር፣ ፍንጩም በግእዝ የሚጻፍ ሊሆን ይገባዋል፤ የዋድላ የቅኔ መምህራንም እንደ ደራሲ ስማቸው ተጽፎ፣ የድካማቸው ዋጋ ተከፍሏቸው ይሥሩበት እንጂ ምክር ተጠይቀው በምስጋና የሚሸኙ አይሁኑ።

የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎችም የአዲስ አበባውን ድርጅት ሳይጠብቁ ሊጀምሩት ይችላሉ። ሁሉን በአንድ ጊዜ መሥራት አያሻም፤ አንዲት ምዕራፍ ትበቃለች። ስፍራው ደላንታ፣ ጊዜው የጨረታው ሁለት ቀን፣ ተጫዋቹም ወረቀትና ቀለም የሌለው አንድ የመድኃኔ ዓለም ዲያቆን ይሁን፤ የትኛውን መጽሐፍ ማን እንደ ገዛው፣ ገዢው ምን ዓይነት ልብስ እንደ ለበሰ፣ ጭነቱ በየትኛው በቅሎ እንደ ሄደ እያስተዋለ በቃሉ ይያዝ፤ በሁለተኛው ቀን ማታ አለቃው ጠይቀውት ያስታወሰውን ያህል በመዝገብ ይጻፍለት። በቃል መያዝን ከዜማ ቤት የተማረ ዲያቆን ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ ሥዕሉ ቀላል፣ ስፍራው አንድ ሜዳ ስለ ሆነም ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ክረምት ሊሞክሩት የሚችሉት ጅምር ነው።