ቤት ሲታደስ ምንጣፉና ደረጃው

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለዘመን መለወጫ ቤትን ቀለም ማስቀባት፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ጄሶ ማስመታት በከተማ የተለመደ ነው። ሠርግ ወይም ክርስትና የደረሰበት ቤትም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ የሁሉም ሐሳብ በግድግዳው ላይ ስለሚሆን ወለሉ የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ቀለም ከፈሰሰበት በኋላ ነው። ምንጣፍ ደግሞ ስንት ወር እቁብ ተጥሎ የሚገዛ ንብረት መሆኑን የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቁታል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያችን፣ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት የሚነሣውን ምንጣፍ ሁሉ ያንሡ። አጣጥፎ ጥግ ላይ መከመር አይበጅም፤ የታጠፈበት መሥመር እንደ ሰንበር ሆኖ ይቀራልና። በመጀመሪያ በደንብ ይጠረግ፤ ከዚያም ጠጉሩ ወደ ውስጥ ሆኖ ይጠቅለልና በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ሥራ ወደሌለበት ክፍል ይወሰድ። በላስቲክ ጥርቅም አድርጎ ማሰር እርጥበቱን ስለሚያምቅ ምንጣፉን ያሻግተዋል። በባዶ ሲሚንቶ ላይም አይጋደም፤ ከሥሩ ጣውላ ይግባለት።

የሚያስቸግረው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተለጠፈው ሞኬት ነው። እሱን ማንሣት ስለማይቻል መሸፈን ብቻ ይቀራል። ከመሸፈኑ በፊት ግን መጽዳት ይኖርበታል፤ አሸዋና ጠጠር ከሥር ከቀረ የሠራተኛው እግር በረገጠው ቁጥር የሞኬቱን ጠጉር ይበላዋል። ብዙዎቻችን ስስ አንሶላ ጣል አድርገን እንተወዋለን። ቀለሙ አንሶላውን አልፎ ይወርዳል። ላስቲክ ብቻውን ሲሆን ደግሞ የፈሰሰበት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ በጫማ ተለጥፎ ወደ ሌላው ክፍል ይዛመታል። ስለዚህ ከሥር ላስቲክ አንጥፎ ጫፉን በፕላስተር መያዝ፣ ከላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም የማቀዝቀዣና የቴሌቪዥን ካርቶን መደረብ የተሻለ ነው። ካርቶን ከየሱቁ በትንሽ ዋጋ ይገኛል፤ ውሃ ከነካው ግን ቀለሙን ስለሚለቅ ወዲያውኑ ይለወጥ።

ይህ ለሜዳው ወለል ነው። በደረጃ ላይ ግን ላስቲክ ፈጽሞ አይነጠፍ።

ይህን የምለው በራሴ ቤት ከደረሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴን ሳስቀባ ሞኬት በለበሰው ደረጃ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ላስቲክ ዘርግቼ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን የቀቢው ረዳት፣ ዕድሜው ከልጄ የማይበልጥ ወጣት፣ ባልዲ ይዞ ሲወርድ ላስቲኩ ከእግሩ ሥር ሸሸና እስከ መጨረሻው ደረጃ ተንከባለለ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። የሁላችንም ዓይን በመጀመሪያ የሄደው በሞኬቱ ላይ ወደ ፈሰሰው ቀለም ነበር፤ እሱም እጁን እንደ ያዘ «ይቅርታ እትዬ፣ አበላሸሁብዎ» ይለኝ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደ ነበር የገባኝ ሐኪም ቤት ከደረስን በኋላ ነው። የሕክምናውንና ሥራ የፈታበትን ወር ከፈልሁ።

ለደረጃ የሚበጀው ካርቶኑን በእያንዳንዱ እርከን ልክ ቆርጦ፣ ወደ ውስጠኛው ጥግ አስገብቶ ዳር ዳሩን በፕላስተር መያዝ ነው። ተንጠልጥሎ እግር የሚጠልፍ ጫፍ እንዳይኖር ማታ ማታ ይታይ። ፕላስተሩ ብዙ ቀን ከቆየ ሙጫው በሞኬቱ ላይ ስለሚቀር ደረጃውን የሚመለከተው ሥራ በመጨረሻ ቢደረግና በቶሎ ቢነሣ ይመረጣል። ሕፃናትና አረጋውያን በዚያ ሰሞን በደረጃው ብቻቸውን አይውጡ።

አቧራውም እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። አሮጌ የዘይት ቀለም የተቀባ በርና መስኮት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን የእርሳስ መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ በ90 እጅ የወሰነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን መጠርጠር ይገባል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ብናኙ ሞኬት ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ በዚያው ላይ የሚድኸው ሕፃን ደግሞ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ስለዚህ ፍግፈጋው ግድግዳውንና ብረቱን እያረጠቡ ይሁን፤ ነፍሰ ጡርና ልጆች ከቤት ይውጡ። መሸፈኛው ሲነሣም ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ውጭ ይውጣ እንጂ ሳሎን ውስጥ አይራገፍ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጠብታ አይጠፋም። ጄሶ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ እጅዎ ወደ ውሃ አይቸኩል፤ ውሃ ሲያገኝ ይጋገራልና ደርቆ ይጠረግ። የውሃ ቀለም ከሆነ ሳይደርቅ ከዳር ወደ መሐል በማንኪያ ይፈስና በእርጥብ ጨርቅ ተጫን ተጫን ይደረግ፤ ማሸት ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ለዘይት ቀለም ነጭ ጨርቅ በጥቂት አኳራጅ ነክሮ መጥረግ ይረዳል፤ አስቀድሞ ግን በማይታይ ጥግ ይሞከር፣ መስኮትም ይከፈት። ለሠራተኞቹ ቡና ማፍላት ደግ ነገር ነው፤ አኳራጅ በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ግን አይሁን፤ ትነቱ ከከሰሉ ፍም እሳት ይይዛል።