የመተንፈሻ ጡንቻ ልምምድ ለተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች ምን ያህል ይጠቅማል?

በተሽከርካሪ ወንበር የሚወዳደር ስፖርተኛ ጎማ የሚገፋውም፣ ሚዛኑን የሚጠብቀውም፣ አየር የሚስበውም በላይኛው የሰውነቱ ክፍል ነው። አንገቱ ላይ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ የጎድንና የሆድ ጡንቻዎቹ ስለሚዳከሙ፣ የመተንፈሱ ሸክም በአመዛኙ ድያፍራም በተባለው ጡንቻ ላይ ይወድቃል።

ይህን ጡንቻ ለማጠንከር አንዳንድ ስፖርተኞች የአየሩን መግቢያ በሚያጠብብ አነስተኛ መሣሪያ ይለማመዳሉ። የተለመደው መጠን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 30 ትንፋሽ ነው።

ይሁንና የጡንቻው መጠንከር ብቻውን ፍጥነት አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የብሪታንያ ጥናት 16 የተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ለስድስት ሳምንታት ተከታትሏል። አየር የመሳብ ኃይላቸው ጨምሯል፤ ደጋግሞ በፍጥነት የመሽከርከር ብቃታቸው ግን ጉልህ መሻሻል አላሳየም። ለንጽጽር በቀላሉ የተለማመዱትም ኃይላቸው ጨምሮ ተገኝቷል።

ስለዚህ መሣሪያውን የሜዳሊያ ዋስትና አድርጎ ማቅረብ አሳሳች ነው። አንገታቸው ላይ ለተጎዱት ግን ጉዳዩ ከውድድር ያልፋል። በደንብ ማሳል ስለሚያዳግታቸው አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምች ሕይወታቸውን ከሚቀጥፉት ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱ ነው። አሠልጣኞችና ሐኪሞች የልምምዱን ፋይዳ ሲመዝኑ፣ ከሰዓት መቁጠሪያው ጎን ለጎን የስፖርተኛውን ሳንባ ጤንነት መመልከት ይኖርባቸዋል።