ስለ አንድ የመብራት ማማና ስለ እኛ የባሕር ሰዎች

ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ መርከብ መብራት ምን አገባን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው። ባለፈው ክረምት ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ “ዛሬ የመብራት ማማ ነው የማሳይህ” ስትለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ገበያ ብትወስደኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ነዳንና ሴንት ኦገስቲን ደረስን።

ማማው ለመጀመሪያ ጊዜ የበራው በ1874 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ)። ቁመቱ 50 ሜትር ያህል ነው። ጥቁርና ነጭ ቀለም ከታች እስከ ላይ ተጠምጥሞበታል፤ አናቱ ቀይ ነው። እኔ ቀለሙ ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ቀን ቀን መብራቱ በማይታይበት ሰዓት መርከበኛው ይህን ማማ ከሌሎቹ የሚለይበት ምልክት ነው! ማታ ደግሞ በየ30 ሴኮንዱ ቦግ በሚለው ብርሃኑ ይለየዋል።

ከማማው ሥር አንድ ባልዲ አስቀምጠዋል። ጎብኚው እንዲያነሣው ነው የተቀመጠው። 14 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የድሮ ጠባቂዎች ይህን የሚያህል ዘይት ተሸክመው 219 ደረጃ ይወጡ ነበር። በመጀመሪያ የአሳማ ስብ ዘይት ነበር፣ በኋላ ላምባ መጣ፤ ኤሌክትሪክ የገባው በ1936 ነው። እኔ ባዶ እጄን፣ ያውም አራት ጊዜ አርፌ ነው የወጣሁት። ባልዲውን አንሥቼ ያስቀመጥኩበት ያ አንድ ደቂቃ፣ ስለ ሥራው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ የበለጠ ነገረኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አምና ለመስክ ትምህርት የሄድንበት ሙዚየም (ስሙን አልጠራም) ያስተማረን ዋና ነገር “አትንኩ!” የሚለው ቃል ነበር።

ላይ ያለው ሌንስ ከፓሪስ የመጣ ነው። ከሰው ቁመት ይበልጣል። ፍሬኔል የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ባወጣው ዘዴ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የመስታወት ፕሪዝሞች ተደርድረው የአንዲት ፋኖስን ብርሃን ሰብስበው ወደ ባሕሩ ይልኩታል። በ1986 አንድ ሰው በጠመንጃ ተኩሶ 19ኙን ሰበራቸው። መብራቱም ጠፋ። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ሌንሱን አውርዶ በዘመናዊ መብራት ሊተካው አስቦ ነበር። እምቢ ያሉት የከተማው ሴቶች ናቸው። በአንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ተደራጅተው፣ በ1970 ተቃጥሎ የነበረውን የጠባቂዎቹን መኖሪያ ቤት ከዚያ በፊት ጀምሮ ሲያድሱ ነበር። ገንዘብ እየለመኑ፣ ባለሙያ እየፈለጉ ቆዩና ሌንሱ ተጠግኖ በ1993 እንደገና በራ። አሁንም ይሠራል።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ አሁን የሌለው ማማ ነው። እዚያ አካባቢ ከዚህኛው በፊት ሌላ ነበር። የስፔኖች የጥበቃ ማማ የነበረውን አሜሪካኖች በ1824 መብራት ቤት አደረጉት። ባሕሩ እየሸረሸረ እየሸረሸረ በ1880 ጣለው። ማማው ዛሬ ቆሞ አይታይም። ግን በ1859 ጆሴፍ አንድሩ የሚባለው ጠባቂ ማማውን ቀለም ሲቀባ ወድቆ እንደሞተ፣ ሚስቱ ማሪያም የእሱን ሥራ ተረክባ መብራቱን እንዳበራች እስከ ዛሬ ይነገራል። ሥራውን ማን እንደሠራ የጻፈ ሰው ስለነበረ፣ ሕንጻው ቢፈርስም ሥራው አልጠፋም። እኛ ክፍል ውስጥ ቅርስ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሐውልት፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። በእኔ እምነት ግማሹን ብቻ ነው የምንማረው።

ሙዚየሙ በ1782 መጨረሻ ከቻርለስተን ሸሽተው ሲመጡ እዚያው ጠረፍ ላይ ከሰጠሙት መርከቦች ከአንዱ የወጣ ዕቃም ያሳያል። መድፍ አለ፤ እኔን የያዙኝ ግን ድስቱና ማንኪያዎቹ ናቸው።

ከማማው ስወርድ አክስቴ (ጉልበቷን ስለሚያማት አልወጣችም) የጠባቂዎቹ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። “አባዬ ቢኖር እዚህ አምጥቼው ነበር፤ ምፅዋ እያለ የሌሊት ተረኛ ሆኖ መብራት ሲቆጥር ያድር እንደነበር ያወራ ነበር” አለችኝ። አያቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። “እንዴት ነው መብራት የሚቆጠረው?” አልኳት። “እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ነህ የታሪክ ተማሪው” አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በየ30 ሴኮንዱ ቦግ የሚለውን ነው። ሰዓት ይዘው እየቆጠሩ የትኛው መብራት እንደሆነ፣ መርከባቸውም የት እንዳለች ይለዩ ነበር ማለት ነው። ይህንን ለማወቅ አትላንቲክን ተሻገርኩ። አያቴ እኮ ያረፉት በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመቴ ነው፤ ለዓመታት አንድ ግቢ ውስጥ ኖረናል! ከእሳቸው የቀረን አንድ መለዮና አንድ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው ላይ አብረዋቸው የቆሙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሚነግረን የለም።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ተቋቁሞ በ1996 ፈረሰ (አሁን እንደገና ተቋቁሟል)። የንግድ መርከብ ድርጅቱ ደግሞ በ1964 ተመሠረተ። በእነዚያ መርከቦች ላይ ያገለገሉ ሰዎች ዛሬ ጡረታ ወጥተው በየሰፈራችን አሉ። ገመዱን፣ ነፋሱን፣ የሌሊት ተራውን በምን በምን ስም ይጠሩት እንደነበር ያውቃሉ። ስለ ወደብ ፖለቲካ እያወራሁ አይደለም። የወደቡ ክርክር ባለቤት አያጣም፤ ሽማግሌዎቹ ግን አያቴን ጨምሮ አንድ በአንድ እያለፉ ነው። በጀት የለም የሚለኝም አይጠፋም። ድምፅ ለመቅዳት ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የሁለተኛው ሴሚስተር የመስክ ሥራ ከአንድ ሙዚየም የጉብኝት ሪፖርት ይልቅ፣ እያንዳንዳችን አንድ ጡረተኛ መርከበኛ አነጋግረን የምናስረክበው ቅጂ ይሁን። ቅጂዎቹም የትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍብኝ። አያቱ ወይም ጎረቤቱ በመርከብ ያገለገለ ካለ ደግሞ በምሳ ሰዓት ይፈልገኝ፤ ፎቶግራፉን በቦርሳዬ ይዤው ነው የምዞረው።