ያልታቀደ የእግር ጉዞ ጥፋት ነውን?

ባለፈው ሰሞን በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ዕጩ መምህር ያለ ዕቅድ ከግቢ አይወጣም» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ አንብበናል። ጸሐፊው ስም ባይጠራም እኛን አራታችንን እንደ ነካ ግልጽ ነው። ስለዚህ የበኩሌን አስተያየት ለመስጠት እወዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጧት ሳሙና ለመግዛት ወደ መናኸሪያው አካባቢ ወጣን። የሚኒባስ ረዳት «ወንጪ! ወንጪ! አራት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ተያየን፤ አራት ነን። «እንሂድ እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላ ምክክር አልተደረገም፤ ሳሙናውም ሳይገዛ ቀረ።

ወንጪን እንደሆነ በክፍል ውስጥ እናውቀው ነበር። እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ የተራራው አናት ወደ ውስጥ ሰምጦ የተፈጠረ ጎድጓዳ ሥፍራ ነው ብለን ሸምድደን፣ በፈተናም ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ከጠርዙ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ግን ያ ዓረፍተ ነገር ከአፋችን ጠፋ። የቆምንበት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል፤ ሐይቁ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ልዩነቱ በሰሌዳ ላይ ቀላል መቀነስ ነው፤ በጉልበት ሲሆን ሌላ ነው። ላይ አስታና ነፋስ፣ ዝቅ ሲሉ እንሰትና ማሳ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል የተባለው የገባኝ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ ሳስር ነው። (መራመዱም ሳያሞቀኝ አልቀረም፤ መምህራችን እንዳያርሙብኝ።)

ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዳቧችንን በላን። በደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን በሩቁ አየን እንጂ ለጀልባ የሚሆን ብር ስላልነበረን አልተሻገርንም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጧል፤ እኛ ጎረቤቶቹ ግን አይተነው አናውቅም ነበር።

የሽቅቡን ነገር ተዉት። በየሃያ እርምጃው ስንቆም፣ ሁለት ዶሮ ያቀፈ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ከኋላ ደርሶ አለፈንና ዘወር ብሎ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለን። ቋንቋውን የሚችለው ጓደኛችን እየሳቀ «ታማችኋል ወይ ነው የሚለው» አለን። ከልጁ ጋር ትንሽ ተጫወትን። ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ቤቱ ታች፣ ትምህርት ቤቱ ላይ። ያን አቀበት በየቀኑ ይወጣዋል። «ዝናብ ሲሆንስ?» ብለን አስጠየቅነው። «እንዘገያለን። ስንዘገይ በር ላይ እንቆማለን» አለ፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

እኔ በማስተማር ልምምድ ወቅት ስድስት ልጆች አርፍደው ቢመጡ ሩብ ሰዓት በር ላይ አቁሜአለሁ። ሥርዓት ማስከበሬ ነበር፤ ገምጋሚዬም «ክፍል ቁጥጥር ጥሩ» ብለው ጽፈውልኛል። ከየት እንደ መጡ ግን አንዳቸውንም አልጠየቅሁም። ይህን የትኛው የጉዞ ዕቅድ ውስጥ «ዓላማ» ብለን እንጽፈው ነበር?

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ነው፤ አልክድም። አቀበቱ እኩሌታ ላይ የአንዷ ጓደኛችን ቁርጭምጭሚት ዞረና በቀረችን ብር ፈረስ ተከራይተን አወጣናት። ግቢ የደረስነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። የት እንደ ሄድን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። የባሰ ቢመጣስ? የጥበቃው አባባ የተቆጡን ተገቢ ነው። ነገር ግን መፍትሔው በበሩ መዝገብ ላይ ስምና የሚሄዱበትን ቦታ መጻፍ እንጂ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ ደብዳቤ እስኪያወጣ መጠበቅ አይመስለኝም። በደብዳቤ የሚወጣው ጉዞማ እኛ ከገባን ወዲህ አንዴም አልወጣም።

ጓደኛችን ተሽሏት ትናንት መረብ ኳስ ስትጫወት ነበር። አሁን ደግሞ ስለ ደንዲ ማውራት ጀምራለች፤ እዚያ ሁለት ሐይቆች በቀጭን አንገት ተያይዘው 8 ቁጥርን ይመስላሉ። የፊታችን ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት በሩ ላይ ነን፤ ስማችንም መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ያ ጸሐፊ ወንድማችንም ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ዕቅዱን እሱ ያውጣልን።