ምት እንቁጠር!

የመረብ ኳስ ተጫዋቾች፣ አምበሎች፣ አሰልጣኞች፣ የቡድን ወጌሻዎች! ነጥብ የሚመዘግብልን ዳኛ አለን፤ ትከሻችን የሚያወጣውን ሒሳብ የሚይዝልን ግን የለንም። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የሚለማመድ የከፍተኛ ደረጃ አጥቂ በዓመት ወደ 40,000 ጊዜ ስማሽ እንደሚመታ ይገመታል። ሰርቪሱ ገና አልተደመረም።

ኳሷ ከ280 ግራም አትበልጥም። ችግሩ ክብደቷ አይደለም። ከራስ በላይ በሙሉ ኃይል የተወረወረ ክንድ ኳሷን እንደመታ የሚያቆመው ይፈልጋል፤ ፍሬን የሚይዙለት ከትከሻ ኋላ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው። የደረት ጡንቻ በየቀኑ ሲፈረጥም እነሱ ይዝላሉ፣ ጅማታቸው ይቆስላል።

የሚያታልለው ደግሞ የማያመው ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የአውሮፓ ሻምፒዮና ላይ 96 ምርጥ ተጫዋቾች ተመርምረው 12ቱ በሚመቱበት ትከሻ ነርቭ ተጎድቶ፣ ከኋላ ያለው ጡንቻ ሟሽሾ ተገኘ። ሕመም ግን አልነበራቸውም። እናም ዛሬውኑ መልበሻ ክፍል ውስጥ አንዳችሁ የሌላውን ጀርባ እዩ። የሚመታበት ትከሻ ከኋላው ጎድጉዶ ከሌላኛው ካነሰ «አያመኝም» መልስ አይሆንም፤ ሐኪም ይየው።

ለብቻው «ዛሬ በቃኝ» ያለ ተጫዋች ምን እንደሚባል እናውቃለን፦ ሰነፍ፣ ቅምጥል። ከዚያ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። (ማደንዘዣ አስረጭቶ የተመለሰው ግን ይጨበጨብለታል!) ቡድኑ በሙሉ ከቆጠረ ግን ማንም ማንንም ሰነፍ ሊል አይችልም። ስለዚህ አብረን እንጀምር። በየልምምዱ አንድ ሰው ደብተር ይዞ የእያንዳንዱን ስማሽና ሰርቪስ ይጻፍ። አሰልጣኞች፣ ከእረፍት የተመለሰን ተጫዋች ምት ቀስ በቀስ ጨምሩ እንጂ በአንድ ቀን አትቆልሉበት፤ ትከሻው የደከመውን ሰርቪስ መቀበልና መከላከል አለማምዱት። በታዳጊ ፕሮጀክቶች ያላችሁማ እጥፍ ኃላፊነት አለባችሁ፤ ልጅ አሰልጣኙን እንቢ አይልም።

መሣሪያ የለንም አትበሉ። አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ከምሰሶ ጋር እሰሩ፤ ክርናችሁን አጥፋችሁ ከጎናችሁ አስጠጉና ላስቲኩን ወደ ውጭ በዝግታ ሳቡ፣ በዝግታም መልሱ። ፍሬን የሚይዙት ጡንቻዎች የሚጠነክሩት እንዲህ ነው።

አምበሎች፣ ለሚቀጥለው ልምምድ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ይዛችሁ ግቡ!